በሳን ሆዜ ከተማ ያየሁት ጉባኤና የአደራ ነገር

«አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» እያሉ አባቶቻችን ሲናገሩ ስሰማ፥ ነገሩ ስለ ገንዘብና ስለ ከብት፥ ስለ እህልና ስለ ርስት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት በሚዞረው ስልክ ውስጥ የስንት ሰው አደራ ተከማችቶ እንደሚገኝ ባሕር ተሻግሬ ካየሁ ወዲህ፥ ምሳሌው ለዘመናችን ሰው ጭምር እንደ ተነገረ ተረዳሁት።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንዲት እናት ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን በተከበረ ጊዜ እኒህ እናት ወደ እኔ ቀርበው፥ «መምህር፥ ልጄ በስልኬ ላይ አዲስ ጨዋታ በከፈተ ቍጥር ‹ፍቀድ› የሚል ጽሕፈት ይመጣል፤ እርሱም ሳያነበው ይነካዋል። ለመሆኑ እኛ የምንፈቅደው ምንድን ነው? የምንፈቅደውስ ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በቆምሁበት አጭር መልስ ሰጠኋቸው፤ ዳሩ ግን መልሱ እንዳልበቃቸው ፊታቸውን አይቼ ዐወቅሁ። ሙሉውን መልስ ያገኘሁት በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሳን ሆዜ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስለ ሆነ፥ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚጠይቁ ወላጆች ሁሉ ጕዞዬን ከመጀመሪያው አንሥቼ እነግራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካሊፎርኒያ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ሙያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት መጥቶ ሳለ፥ እኔ በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁትን ባሕረ ሐሳብ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳስተምር ሰማ። እጅግም ደስ ብሎት፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ስሌቱን ይጻፉልኝ፤ እኔ ደግሞ ወደ ስልክ አስገባዋለሁ። በሰው አገር ያለው ወጣት እኮ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ለማወቅ እናቱ ዘንድ የሚደውል ነው» አለኝ። እኔም ስሌቱን በደብተር ጽፌ ሰጠሁት። እርሱም አገሩ ገብቶ ከሥራው በተረፈችው ጊዜ እየጻፈ አፕሊኬሽን፥ በእኛ ቋንቋ መተግበሪያ የምንለውን፥ ለመሥራት ጀመረ። ሥራው ወደ መጠናቀቁ በተቃረበ ጊዜ ፌስቡክ የተባለው ኩባንያ ለአፕሊኬሽን ሠሪዎች ያደርገው በነበረው ጉባኤ ላይ እንድንገኝ እኔንም ራሱንም አስመዘገበ። የጉባኤው ስም «ኤፍ ኤይት» ይባል ነበር።

በእኔና በእርሱ መካከል ግን ገና ያልተቋጨ ክርክር ነበረ። የእኅቴ ልጅ መተግበሪያው ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተጠቃሚው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አስቦ ነበር፤ ይኸውም የልደት ቀኑን፥ በፌስቡክ ያሉትን ወዳጆቹን ዝርዝርና በስልኩ ውስጥ የተመዘገቡትን ሰዎች ቍጥር ነው። ይህን ካገኘ በኋላ በየበዓሉ በተጠቃሚው ስም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ሰላምታ ለሁሉም ይላካል፤ ሰላምታው የደረሰውም ሰው መተግበሪያውን ያውቃል ማለት ነው። እኔ ነገሩን አልወደድሁትም፤ ነገር ግን ያልወደድሁበትን ምክንያት ለመናገር አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። ያፈርሁበትን ነገር በስፍራው እነግራለሁ።

ጉባኤው የተጠራው ለማክሰኞና ለረቡዕ፥ በእኛ አቈጣጠር ለሚያዝያ 23 እና 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን በሰማሁ ጊዜ እንደ ልማዴ አሰላሁ። ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ፥ ወንበሩ 4፥ አበቅቴው 14፥ መጥቅዑም 16 ነው። መስከረም 16 ቀን ማክሰኞ ስለ ዋለ የማክሰኞ ተውሳክ 5 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 21 ይሆናል። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 21፥ ትንሣኤ መጋቢት 30፥ ርክበ ካህናት ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። ስለዚህ የጉባኤው የመጀመሪያ ቀን የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ ሁለተኛውም ቀን አባቶች ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ለመምከር የሚሰበሰቡበት ርክበ ካህናት ሆኖ ተገኘ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለ ነበረም ረቡዕ ቀን በባዕድ አገር ማዕድ ምን እበላለሁ ብዬ አልተጨነቅሁም።

ስለ አውሮፕላኑ ጕዞ ብዙ የምለው የለኝም። በዋሺንግተን በኩል አድርጌ ሳን ፍራንሲስኮ ደረስሁ፤ የእኅቴም ልጅ በመኪና ተቀብሎ በደቡብ አቅጣጫ ወደ ሳን ሆዜ ወሰደኝ። የአገሩ ሰዓት በዚያ ወራት ከአገራችን በ10 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ስለ ሆነ፥ እኔ ገና ሰኞ ማታ ላይ ሳለሁ በአገሬ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማሕሌት ተፈጽሞ እንደ ነበረ ማሰብ ልቤን ቅር አሰኘው።

ያ ሸለቆ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በኮምፒዩተር ሥራ ነው። ቀድሞ ግን የአትክልት አገር ነበረ። ፕሪም፥ አፕሪኮትና ቼሪ የሚባሉት ፍሬዎች በሰፊው ይተከሉበት ስለ ነበረ፥ አበባው በፈነዳ ወራት ለሚያየው ሰው እጅግ ያምር ነበርና ሰዎቹ «የልብ ደስታ ሸለቆ» ብለውት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዛፉ እየተነቀለ ቤትና ፋብሪካ ተሠራበት። ከተማዋን ስፓኛውያን በ1777 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲመሠርቷት በአረጋዊው በቅዱስ ዮሴፍ ስም ሰየሟት፤ «ሳን ሆዜ» ማለት በቋንቋቸው ቅዱስ ዮሴፍ ማለት ነውና። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ቅዱስ ዮሴፍ እመቤታችንን በአደራ ተቀብሎ የጠበቀ፥ በስደትም ጊዜ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ የተንከራተተ ጠባቂ ነው። የአደራ ጠባቂ ስም በተሰጣት ከተማ ስለ ምን እንደምንመክር ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ወደ ጉባኤው ስፍራ ሄድን። ስፍራው በከተማዋ መካከል የሚገኘው የማኬነሪ ጉባኤ አዳራሽ ነው። በደጁ የከተማ ባቡር ያልፋል፤ በአቅራቢያውም ዘንባባ የተተከለበት አደባባይ አለ። ከየአገሩ የመጣው ሰው በአምስት ሺህ የሚገመት ነበር፤ አብዛኛውም ወጣት ነው። ጠጕሬ ሸበት ስላለው ሁለት ሦስት ጊዜ «የየትኛው ድርጅት አለቃ ነዎት?» ተብዬ ተጠየቅሁ። «የባሕረ ሐሳብ መምህር ነኝ» ብዬ በመለስሁ ጊዜ የእኅቴ ልጅ ሣቀ፤ ጠያቂው ግን በትሕትና እንዳብራራለት ለመነኝና ቆሜ አብራራሁለት።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የዚህን ጉባኤ አመጣጥ ለአንባቢ መግለጽ ይገባኛል። ፌስቡክ የመጀመሪያውን ኤፍ ኤይት ያደረገው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ግንቦት 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን ማርክ ዙከርበርግ የተባለው መሥራቹ፥ ከኩባንያው ውጭ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ጸሐፊ በፌስቡክ ውስጥ የሚሠራ አፕሊኬሽን ለመሥራት እንደሚችል ዐወጀ። ይህን በእኛ ልማድ ልመስለው። አንድ የጽዋ ማኅበር አለ እንበል። አባላቱ ይተዋወቃሉ፤ የእገሌ ልጅ መታመሟን፥ የእገሊት ባል ሥራ መፍታቱን ሁሉም ያውቃል። ማኅበሩ እስከዚያ ቀን ድረስ በሩ ዝግ ነበረ። በዚያን ቀን ግን የማኅበሩ ሙሴ በሩን ከፍቶ፥ «ጨዋታ የሚያውቅ፥ ዕቃ የሚሸጥ፥ ዜና የሚያወራ ሁሉ ይግባ፤ አንድ አባል ከፈቀደለት በመካከላችን ይቀመጥ» አለ። በሩ የተከፈተለትም ብዙ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ፋርምቪል የተባለው የእርሻ ጨዋታ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ተጫዋቾች አግኝቷል። የተስፋፋበትም ዘዴ ተጫዋቹ ጎረቤት እንዲሆኑትና እንዲረዱት ወዳጆቹን እንዲጋብዝ በማድረግ ነው። የእኅቴ ልጅ አሳብም ከዚህ የተቀዳ ነበር።

በዚያ አሠራር ውስጥ ግን አንድ ከባድ ነገር ተሰውሮ ኖሯል። አንድ አባል እንግዳውን ሲያስገባ የራሱን ነገር ብቻ ሳይሆን የወዳጆቹንም ነገር ለመስጠት ይችል ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አሌክሳንድር ኮገን የሰውን ጠባይ የሚመዝን የጥያቄና መልስ አፕሊኬሽን ሠርቶ ነበር። ይህን አፕሊኬሽን በፈቃዳቸው ያስገቡት ሰዎች 270,000 ያህል ነበሩ። ነገር ግን እነርሱ ስለ ፈቀዱ የወዳጆቻቸውም መረጃ ስለ ተወሰደ፥ ነገሩ የደረሰባቸው ሰዎች እስከ 87 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ኩባንያው ራሱ ገልጿል። መረጃውም ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ በምርጫ ጉዳይ ምክር ለሚሰጥ ድርጅት ተላለፈ። በእርግጥ ኩባንያው በሚያዝያ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ላይ የወዳጆችን መረጃ መውሰድ እንደሚከለከል ዐውጆ ነበር፤ ዳሩ ግን የተወሰደው አስቀድሞ ተወስዷል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ነገሩ በጋዜጦች ለዓለም የተገለጠው በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. ነው። ዙከርበርግም በሚያዝያ 2 እና 3 ቀን በአሜሪካ ምክር ቤቶች ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። እኛ በአዳራሹ የተሰበሰብነው እንግዲህ ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ገና ሳይሞላው ነው።

ስለዚህ ዙከርበርግ ወደ መድረኩ በወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ምን ይል ይሆን ብሎ ጸጥ አለ። እርሱም ስለ ደረሰው ጥፋት ተናገረ፤ ቀጥሎም ሰዎች አፕሊኬሽኖችና ሌሎች ገጾች ስለ እነርሱ የላኩትን መዝገብ አይተው ለመሰረዝ የሚያስችላቸው አዲስ መሣሪያ እንደሚሠራ፥ ደግሞም ትዳር ወይም ጓደኛ ለሚፈልጉ ሰዎች መተዋወቂያ እንደሚከፈት ገለጸ። ጭብጨባው ከፍ ብሎ የተሰማው ግን፥ በጥፋቱ ምክንያት ቆሞ የነበረው የአፕሊኬሽኖች ምርመራ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና እንደሚከፈት በተናገረ ጊዜ ነው። ምርመራው በመቆሙ አዲስ አፕሊኬሽን ሠርቶ ፈቃድ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሥራው ታግዶበት ነበርና። የእኅቴም ልጅ ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነበረ። በመጨረሻም በዐይን ላይ የሚታሰርና ሰውን በሌላ ስፍራ ያለ የሚያስመስለው፥ ኦኩለስ ጎ የሚባል ባለ 199 ዶላር መነጽር ለጉባኤተኛው ሁሉ በነጻ እንደሚሰጥ ሲነገር አዳራሹ በደስታ ተናወጠ። እኔም ለጥቂት ጊዜ ሞከርሁትና ለእኅቴ ልጅ ተውሁለት።

ከንግግሩ በኋላ ሰው በየክፍሉ ተከፋፈለ። እኛ የገባንበት ክፍል አንዲት ወጣት ባለሙያ አንድ አፕሊኬሽን እንዴት ፈቃድ እንደሚጠይቅ የምታስረዳበት ነበር። እንደ ጥሩ መምህር ቀስ ብላ አስረዳች፤ እኔም በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ሰውዬው «ፍቀድ» የሚለውን ሲነካ የፌስቡክ ኮምፒዩተር ለአፕሊኬሽኑ አንድ ረጅም ምስጢራዊ ቍጥር ይሰጠዋል። ይህ ቍጥር ማኅተም እንዳለበት የይለፍ ደብዳቤ ነው፤ ያን የያዘ ሁሉ የተፈቀደለትን ያህል ገብቶ ይወስዳል፤ ዘመኑም ሲያልፍ ይሻራል። ስምን፥ የገጽ ፎቶግራፍንና የኢሜይል አድራሻን ለመጠየቅ ምርመራ አያስፈልግም። ከዚህ ያለፈ የሚፈልግ ግን ለምን እንደሚፈልገው በጽሑፍ ማስረዳት፥ አፕሊኬሽኑም ሲሠራ የሚያሳይ ፊልም ማቅረብ አለበት። የወዳጆችንም ዝርዝር ቢሆን፥ ያንኑ አፕሊኬሽን የሚጠቀሙትን ካልሆነ በቀር ሌሎቹን አያገኝም። ሰውዬው ሦስት ወር ሙሉ ካልተጠቀመበት ደግሞ በሩ እንዲዘጋበት ተወስኗል።

ይህን ሁሉ ስሰማ ሥርዐቱ መልካም እንደ ሆነ ተረዳሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ይህ ሁሉ ዘበኛ የቆመው በአንዱ በር ላይ ነው። የስልኩ መዝገብ፥ ማለት ያስመዘገብናቸው ሰዎች ስምና ቍጥር፥ በሌላ በር የሚገኝ ሲሆን በዚያ በር የቆመው ዘበኛ የስልኩ ባለቤት ራሱ ነው። ባለቤቱ ካንቀላፋ ሌላ ጠባቂ የለም።

በምሳ ሰዓት ከእኅቴ ልጅ ጋር ወደ ውጭ ወጥተን በጥላ ሥር ተቀመጥን። እርሱም ደስ ብሎት፥ «አዩ ጋሼ፥ ምርመራው ተከፍቷል። በዚህ ሳምንት እናስገባዋለን። ወዳጆችን ብዙ ባናገኝ እንኳ የስልኩ መዝገብ ይበቃናል» አለኝ። እኔ ግን፥ «ልጄ፥ እርሱን ተወው» አልሁት። «ለምን? ሰዎቹ እኮ ራሳቸው ይፈቅዳሉ» አለኝ። «የሚፈቅደው አንድ ሰው ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ያሉት ሦስት መቶ ሰዎች ግን መቼ ፈቀዱ?» ብዬ መለስሁለት። እርሱም ተቈጥቶ፥ «ጋሼ፥ እኛ ሌቦች አይደለንም። የምንልከው የበዓል ሰላምታ ነው። ይህ ካልሆነ ማንም አያውቀንም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የሠራሁት ከንቱ ይሆናል» አለኝ።

በዚያን ጊዜ ያፈርሁበትን ነገር ነገርሁት። ከሁለት ዓመት በፊት በስልኬ ላይ «ስንት ምሳሌያዊ አነጋገር ያውቃሉ?» የሚል የጥያቄ ጨዋታ አገኘሁ። መምህር ነኝና ዕውቀቴን ለመመዘን ጓጓሁ። ጨዋታው የስልኬን መዝገብ ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደዚያች እናት ልጅ ሳላነብ ነካሁት። በማግስቱ በስልኬ ውስጥ ለተመዘገቡት ሁሉ፥ ለተማሪዎቼም ወላጆች ጭምር፥ በስሜ መልእክት ሄዶ ኖሯል። መልእክቱ መምህሩ ለሽልማት ዕጣ እንዳጨዋቸውና ለመመዝገቢያ የሞባይል ካርድ ቍጥር እንዲልኩ የሚያዝዝ ነበር። ብዙዎቹ ሣቁና ተዉት። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጃቸውን የሚያስተምሩ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ግን ትምህርት ቤቱ የጠየቀው መስሏቸው የ300 ብር ካርድ ገዝተው ቍጥሩን ልከው ነበር። ወደ እኔም መጥተው፥ «መምህር፥ ያዘዙኝን ልኬአለሁ፤ ቢዘገይብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉኝ። ጨዋታውን የሠራው ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም፤ ብዙም አልፈለግሁት፤ በሩን የከፈትሁ እኔ ነኝና። ገንዘቡን ከደመወዜ መለስሁላቸው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከእኔ ስልክ መልእክት በደረሳቸው ቍጥር ደውለው፥ «በእርግጥ እርስዎ ነዎት?» ሳይሉ አያምኑም። ገንዘቡን መለስሁ፤ እምነቱን ግን የምመልስበት ደመወዝ የለኝም።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ጋሼ፥ ይህ ሥራ ከተሳካልኝ ከምቀጠርበት መሥሪያ ቤት ወጥቼ ራሴን ችዬ ልኖር አስቤ ነበር» አለኝ። ይህን አላወቅሁም ነበርና ልቤ አዘነለት። እኔ የምከራከረው ስለ ሦስት ጥያቄዎች መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ተስፋውን ሁሉ በእነዚያ ላይ አኑሮ ኖሯል። በዚያን ቀን ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።

ረቡዕ የርክበ ካህናት ዕለት ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ ሲነገር ዋለ። የኩባንያው የቴክኒክ ኀላፊ ማይክ ሽሬፕፈር ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ በልቤ ቀርቷል። ኮምፒዩተር በሥዕል ላይ ያለውን ነገር ለይቶ እንዲያውቅ ለማስተማር፥ ሰዎች በኢንስታግራም ላይ ምልክት ቃል ጽፈው በግልጥ ያወጧቸውን 3.5 ቢሊዮን ፎቶግራፎች እንደ ተጠቀሙና በታወቀው የመመዘኛ ፈተና 85.4 ከመቶ እንዳገኙ ገለጸ። እንደ መምህርነቴ አደነቅሁ፤ ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል መጽሐፍ ያቀረበለት ማን ነው? ነገር ግን የልጇን የክርስትና ፎቶግራፍ አውጥታ ከሥሩ ቃል የጻፈች እናት፥ የጻፈችው ለዘመዶቿ መስሏት ነበር እንጂ መኪና ለማስተማር መሆኑን አላሰበችም። በአገሬ በዚያው ቀን አባቶች በመንጋው አደራ ላይ ሲመክሩ፥ እዚህ ደግሞ ወጣቶች ከዚያ በማያንስ የሰው ቍጥር ላይ ይመክሩ ነበር። ልዩነቱ የመንጋው ባለቤት እዚህ አለመጠራቱ ነው።

ጉባኤው ሲያበቃ ማታ በአዳራሹ አቅራቢያ ወዳለው በሴሳር ቻቬዝ ስም ወደሚጠራው አደባባይ ሄድን። ሴሳር ቻቬዝ በካሊፎርኒያ እርሻዎች በቀን ሞያ ይሠሩ ለነበሩት ድሆች መብት የተከራከረ ሰው ነው። በአደባባዩ መካከል ውኃ ከመሬት ወደ ላይ ይፈልቃል፤ ሕፃናትም ልብሳቸው እየረጠበ ይሯሯጡበት ነበር። ከወዲያ በኩል የካቶሊካውያን የቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ጕልላቱ ይታያል። የእኅቴ ልጅ በድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩን ከፈተ፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ሲጽፍ ቆየ። ከዚያም ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ሦስቱም ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ጠፍተው ነበር። «ስሌቱ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ይሠራል፤ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር የለም። ሰላምታ መላክ የሚፈልግ ሰው አንድ በአንድ መርጦ በእጁ ይላክ» አለኝ። አመሰገንሁት። ሆኖም ፊቱን ሳይ ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፤ የሌላውን ሰው አደራ ለመጠበቅ ዋጋውን የከፈለው እርሱ ነውና።

መተግበሪያው በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተጠናቀቀ። ዛሬ የሚጠቀሙበት ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ናቸው። የእኅቴም ልጅ ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም። ነገር ግን በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ከማያውቃቸው ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንደሚደርሰው ይነግረኛል። በፌስቡክም በኩል ብዙ ነገር ተለዋውጧል። በሐምሌ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በኩባንያው ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር መቀጫ መጣሉን አስታወቀ። በጉባኤው ተስፋ የተሰጠበት መዝገብን የማያ መሣሪያ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ለሁሉም ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሊደረግ የነበረው ጉባኤ በኮሮና ደዌ ምክንያት ተሰረዘ፤ ኩባንያውም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ስሙን ሜታ ብሎ ለወጠ።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ እመለሳለሁ። እመቤቴ፥ የሚፈቅዱት የቤትዎን በር ነው። የሚፈቅዱለትም ሰው ፊቱን የማያዩት እንግዳ ነው፤ ደግ ሊሆን ይችላል፥ ክፉም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ አዲስ ጨዋታ ሲከፍት ለጥቂት ደቂቃ ከአጠገቡ ተቀምጠው የሚከተለውን አብራችሁ ጠይቁ። አንደኛ፥ ይህ ጨዋታ ለሥራው የሚጠይቀው ነገር ያስፈልገዋልን? ለፎቶግራፍ የተሠራ ነገር ካሜራ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ኳስ የሚያጫውት ግን የዘመዶችዎን ስልክ ቍጥር ምን ያደርግለታል? ሁለተኛ፥ የተጠየቅሁት ነገር የእኔ ነውን? ስሜ የእኔ ነው፤ የጎረቤቴ ቍጥር፥ የእኅቴ ፎቶግራፍ፥ የንስሐ አባቴ አድራሻ ግን በአደራ ተቀበልሁት እንጂ የእኔ አይደለም። የእኔ ያልሆነውን ለመፍቀድ አልችልም። ሦስተኛ፥ ቀድሞ የተፈቀደውን መከልከል ይቻላል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ፈቃዶች የተዘረዘሩበት ገጽ ስላለ፥ በወር አንድ ጊዜ ከፍቶ የማያስፈልገውን መዝጋት መልካም ልማድ ነው። የተወሰደው ባይመለስም ከዚያ ወዲያ የሚወሰደው ይቀራል።

ወጣቶችንም አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ዛሬ ከተማሪዎቻችን መካከል አፕሊኬሽን የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ይህም ያኮራናል። ነገር ግን «ፍቀድ» የሚለውን ቃል በገጹ ላይ ስትጽፉ፥ እንጀራ የሚጋግሩትን እናት አስቧቸው። እርሳቸው የሚያነቡት ሕጉን ሳይሆን የላኪውን ስም ነው፤ የሚያምኑትም ስሙን ነው።

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ለእኒሁ እናት «እንኳን አደረሰዎ» የሚል መልእክት በእጄ ጽፌ ላክሁላቸው። እንደ ልማዳቸው ወዲያው ደወሉና፥ «በእርግጥ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «አዎን፥ እኔ ነኝ» አልኋቸው። ሣቁና መረቁኝ። አደራችንን ጠብቀን ለልጆቻችን እናስተላልፍ ዘንድ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።